መብራት የት ሄደ?

አሥራ ሁለት ቀን ነው፣ በቀን አበል ሒሳብ፣
ምላሴን አከራይቼ የሰው ቃል ሳቀርብ።
ሄንድሪክ ይባላል፤ እሱም የባሕር ዳር ሰው፣
የሌላ ባሕር ግን፤ ፀሐይ የሚቸግረው።
ባሥራ ሦስት ሣጥን አሽጎ መጣልን፣
ሊያስተምረን ብርሃን፣
እኛን!
ሚያዝያ ላይ፣ በቀትር፣ ጥላችን የሚጠፋን።

«ይኼ ቁልፍ ነው» አልኩ የፊተኛውን መብራት፣
ቃሉን እንደ ወረደ፣ ሳላላምጥ፣ በድፍረት።
አንጓች ዞር ዞር ብላ ግድግዳውን አየች፣
«በሩስ የታል?» አለች።
ሁለተኛው መብራት የጥላ መሙያ ነው፣
ጉድጓድ የሚደፍን፣ ከጎን የሚቆመው።
ሦስተኛው ከኋላ፣ ከትከሻ በላይ፣
ሰውን ከግድግዳ ቆርጦ የሚለይ።
«እንደ ሐሜት ነዋ!» አለ ይታያል ከዳር፣
«ከኋላ ሆኖ ነው መልክህን የሚናገር።»
ሳቁ። ሄንድሪክ ዞረና «ምን አለ?» አለኝ፣
«ገብቷቸዋል» አልኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባራተኛው ቀን፣ ረፋድ፣ መሐል ትምህርት፣
ድርግም።
«መብራት ሄደ!» አሉ ሁሉም ባንድነት።
«ምን አሉ?»
ቃል በቃል ነገርኩት፤ መብራት ሄደ አሉ።
በጨለማው መሐል ድምፁ ብቻ ቀርቶ፣
«ወዴት?» አለኝ ቆይቶ።
እኛ ጋ ይሄዳል፣ እንደ ዘመድ ይመጣል፣
ሲመጣም የሰፈር ልጅ በጩኸት ይቀበላል፤
ይኼን እንዴት አርጌ በሱ ቋንቋ ላስገባ?
ዝም አልኩ። ጄኔሬተር ነበረ፤ ነዳጅ ግን አልገባ።

ሲመጣ፣ እናንዬን ወንበር ላይ አስቀመጠ፤
ነጠላዋ ነደደ፣ ፊቷ ግን ሰመጠ።
መብራት ጨመረ። ነጠላው በረዶ፣
ፊቷ ጠይም ጉም፣ ዐይኗ ወደ ውስጥ ሄዶ።
መለኪያውን አየ፤ መጽሐፉን ከፈተ፤
መጽሐፉ ላይ ያለችው ሴት ግን፣
ቆዳዋ ወተት ነው፤ አታውቅም የኛን።
«ነጠላውን ታውልቅ በላት» አለኝ።
ይኼን አልተረጎምኩም።
«አሥር ደቂቃ ዕረፍት» አልኩ በገዛ አፌ።

ወጣን ወደ ዳሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው፤
ውሃው የመዳብ ሰሐን፣ ነፋስ የሸበሸበው።
አንድ ታንኳ ቀዛፊ ከዘጌ ማገዶ ጭኖ፣
ነጭ ጋቢ ተከናንቦ፣ ደንገሉ ላይ ሆኖ፣
ቀረበ።
ፀሐይዋ ከጀርባው ናት፤ ፊቱ መጥቆር ሲገባው፣
የግንባሩን መስመር አንድ ባንድ ትቆጥረው።
ይታያል ምንም አላለም፤
አገጩን ወደ ውሃው ቀሰረ።
ከታች ነው፣ ከታች፣ ሰውየውን የሚያበራው።
ሄንድሪክ አየ፣ አጎነበሰ፣ ደግሞ አየ።
እኔ ሥራ ፈታሁ።

ተመለስን። አንጓች ከሻይ ቤት የብረት ትሪ ይዛ፣
እናንዬ ጉልበት ላይ ጣል አረገች፣ እንደዋዛ።
ሄንድሪክ ቁልፉን ቀነሰ፣ በጁ፣ ቀስ እያለ፤
ፊት መጣ።
ነጠላውም ነጠላ ሆነ፤ ጥለቱ ሳይቀር አለ።
እናንዬ ራሷን ሞኒተሩ ላይ ስታየው፣
«ይቺን የቅንድብ ጠባሳዬን ምነው ባታሳዩት ለሰው!»
«ምን አለች?»
«አመሰግናለሁ ነው።»

ሄደ። እሱ እንኳ ሲሄድ የት እንደ ሄደ እናውቃለን።
ወለሉ ላይ ቀረ ቢጫ የፕላስተር መስቀል፣
የእናንዬ ወንበር ቦታ፤
ጽዳቷ ስትወለውል እሱን ብቻ ትዘላል።
እኔ ለዚያ መሙያ ቃል ሳፈላልግ ከርሜ፣
መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ ሰው ጠይቄ፣ ደክሜ፣
ልጆቹ ያለ እኔ ስም አወጡለት፤
«ጣናን ትንሽ ዝቅ!» አለ ይታያል፤ ዝቅ አረጉለት።

ትናንት ማታ ደወለ። ከሰላምታ በፊት፣
ቀኑን ሙሉ የተለማመዳት በምትመስል ዐረፍተ ነገር፣ አንዲት፣
«መብራት ተመለሰ?» አለኝ።
ክብሪት በዳበሳ እየፈለግሁ አገኘኝ።
«ተመልሷል» አልኩት፤
ክብሪቷም እምቢ አለችኝ።